ኤሚን ፓሻ በባሪ አገር

በዛሬው ዘመን ብዙ መንግሥታት የደኑን፣ የውሃውን፣ የአራዊቱንና የአየሩን ደኅንነት የሚጠብቅ አንድ ሚኒስቴር አቋቁመዋል። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ግን እንዲህ ያለ ሹመት ስሙ እንኳ አይታወቅም ነበር። የአንድ አገረ ገዥ ሥራ ግብር መሰብሰብ፣ ወታደር ማሰለፍና ዐመፀኛ መቅጣት ነበረ። ሆኖም በዚያው ዘመን፣ በነጭ ዓባይ ዳር በባሪዎች አገር፣ አንድ ሰው የአገረ ገዥነቱን ማኅተም በአንድ እጁ ይዞ በሌላው እጁ የአገሩን ወፍ፣ ዕፅዋትና የአየር ጠባይ ሲመዘግብ ዐሥራ ሦስት ዓመት ያህል ቈየ። ይህም ሰው ኤሚን ፓሻ የተባለው ነው። የሠራውም የጎደለውም አብሮ ቢነገር፣ ዕውቀትንና ሥልጣንን ለሚያስተምሩና ለሚያስተዳድሩ ሰዎች የሚጠቅም ምክር ይገኝበታል። በዚህ ታሪክ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ስለ ሰውዬው ከመናገር በፊት ስለ አገሩ ጥቂት መናገር ይገባል። ዛሬ የደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ የሆነችው ጁባ የቆመችው በባሪ ሕዝብ ምድር ነው። ከከተማዪቱም ሰፈሮች አንዱ እስከ ዛሬ ጁባ ና ባሪ ይባላል። ባሪዎች በወንዙ ግራና ቀኝ የሚኖሩ፣ ከብት የሚያረቡ፣ ማሽላ የሚዘሩ፣ ብረት የሚቀጠቅጡ ሕዝብ ናቸው። ዝናብን በጸሎትና በሥርዓት ይጠራሉ የሚባሉ አለቆችም በመካከላቸው ታላቅ ክብር ነበራቸው። ወንዙ ከኒሙሌ ጀምሮ በድንጋይ መካከል እየተንደረደረና እየፎከረ ይወርድና ረጃፍ ከሚባለው ኮረብታ በታች ሲደርስ ይረጋል። ስለዚህ ከካርቱም ሽቅብ የሚመጣው መርከብ ሁሉ ጉዞው የሚያበቃው በዚህ ስፍራ ነበረ። ጎንዶኮሮ፣ ላዶ፣ ረጃፍ፣ በኋላም ጁባ፣ እነዚህ ሁሉ በአንድ አካባቢ ተቀራርበው የተቈረቈሩበት ምክንያት ይህ ነው። መርከብ በቆመበት ገበያ ይቆማል፤ ጦርም ይሰፍራል።

በ1841 ዓ.ም. ሰሊም ቀቡዳን የተባለ የግብጽ መንግሥት የባሕር መኰንን በመርከብ እስከዚያ ከደረሰ በኋላ የባሪዎች ሰላም እየደፈረሰ ሄደ። በመጀመሪያ የመጡት ነጋዴዎች የዝሆን ጥርስ ፈላጊዎች ነበሩ። የዝሆን ጥርስ የሚሸከም ሰው ባስፈለጋቸው ጊዜ ሰውን ማደን ጀመሩ፤ ኋላም ተሸካሚው ራሱ ሸቀጥ ሆነ። በጎንዶኮሮ የሰፈሩት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን በንዳድ ብዙ ሰው ስለ ሞተባቸው ጥቂት ዓመታት ቈይተው ሥራውን ተዉት። በ1871 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በግብጹ ኬዲቭ በእስማኤል ስም አገሩን የግብጽ ግዛት ነው ብሎ አወጀ፤ ለወታደሮቹም ቀለብ ሲል ከባሪዎች ጋር ተዋጋ። ከእርሱ በኋላ በ1874 ዓ.ም. የተሾመው ጎርዶን ጎንዶኮሮ ለጤና የማይስማማ መሆኑን አይቶ ዋናውን ሰፈር ወደ ላዶ አዛወረ። ላዶ ከዛሬዪቱ ጁባ በስተ ሰሜን፣ በወንዙ ምዕራብ ዳር የነበረች ከተማ ናት።

ወደዚህች ከተማ የመጣው ሐኪም ትውልዱ እጅግ ሩቅ ነበረ። በ1840 ዓ.ም. በፕሩሲያ መንግሥት በሲሌዥያ አውራጃ፣ ኦፐልን በምትባል ከተማ ከአይሁዳውያን ወላጆች ተወለደ። ስሙም ኤድዋርድ ሽኒትጸር ተባለ። አባቱ ገና በሕፃንነቱ ስለ ሞተ እናቱ ክርስቲያን ባል አገባች፤ ልጁም በፕሮቴስታንት ሥርዓት ተጠመቀ። በብሬስላው፣ በኮኒግስበርግና በበርሊን ዩኒቨርሲቲዎች ሕክምና ተምሮ በ1864 ዓ.ም. ፈጸመ። ነገር ግን በአገሩ በሐኪምነት ለመሥራት የሚያበቃውን የመንግሥት ፈቃድ ሳያገኝ ቀረ። እርሱም ወደ ቱርክ ግዛት ሄዶ በአድሪያቲክ ባሕር ዳር በአንቲቫሪ ወደብ የሚገቡትን ሰዎች ከተላላፊ በሽታ የሚመረምር ሐኪም ሆነ። በዚያም ቱርክኛን ጨምሮ ብዙ ቋንቋ ተማረ። ቋንቋ የመልመድ ችሎታው ከሕክምናው ችሎታ ያላነሰ ነበረ።

ከዚያ በኋላ ያለው የሕይወቱ ክፍል የሚያስመሰግነው አይደለም። የሰሜን አልባንያ ገዥ የነበረውን እስማኤል ሐቂ ፓሻን ሲያገለግል ቈይቶ ፓሻው በ1873 ዓ.ም. በሞተ ጊዜ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ እናቱ አገር ተመለሰ፤ የራሱም ቤተ ሰብ አስመስሎ አቀረባቸው። በ1875 ዓ.ም. ግን ለማንም ሳይናገር በድንገት ጥሎአቸው ጠፋ። ወደ ግብጽ ተሻግሮም በዚያው ዓመት መጨረሻ ካርቱም ደረሰ። በኋላ ሰዎችን በችግር ጊዜ ጥሎ አልሄድም በማለቱ ስሙ የተነሣው ሰው፣ አስቀድሞ ጥሎ የሄደ ሰው እንደ ነበረ መሸሸግ አይገባም። የኋለኛው ሥራው የፊተኛውን በደል እንዳይረሳ የሚያደርግ ሳይሆን፣ ሰው ከወደቀበት ተነሥቶ ሌላ ሥራ ለመሥራት የሚችል መሆኑን የሚያስረዳ ነው።

ካርቱም በገባበት ወራት የግብጽ መንግሥት በሁለት አቅጣጫ ይስፋፋ ነበር። በምሥራቅ በኩል የላከው ጦር በኅዳር 1875 ዓ.ም. በጉንደት፣ በመጋቢት 1876 ዓ.ም. ደግሞ በጉራዕ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመሩት የኢትዮጵያ ሠራዊት ድል ሆነ። በደቡብ በኩል ግን በነጭ ዓባይ ላይ የሚመክተው የተባበረ መንግሥት ስላልነበረ ግዛቱ እስከ ታላላቆቹ ሐይቆች ሊዘረጋ ምንም ያህል አልቀረውም። ሽኒትጸርም በዚህ ጊዜ መሐመድ ኤሚን ተብሎ የሙስሊም ስም ያዘ። ኤሚን ማለት ታማኝ ማለት ነው፤ የቃሉም ሥር አመነ ከሚለው ከእኛ ግስ ጋር አንድ ነው። ጎርዶን የዚህን ሐኪም ዝና ሰምቶ ወደ ላዶ አስጠራው። በ1876 ዓ.ም. የአውራጃው ዋና ሐኪም ሆኖ ተሾመ።

ጎርዶን ግን ከሐኪምነቱ ይልቅ በመልእክተኛነቱ ተጠቀመበት። ኤሚን ወደ ቡጋንዳው ንጉሥ ወደ ሙቴሳ፣ በ1877 ዓ.ም.ም ወደ ቡንዮሮው ንጉሥ ወደ ካባሬጋ ተላከ። ካባሬጋ ከአምስት ዓመት በፊት ከቤከር ጋር ተዋግቶ ስለ ነበረ የግብጽን መልእክተኛ በመልካም ፊት ይቀበላል ተብሎ አልታሰበም ነበር። ኤሚን ግን ብዙ ጦር ሳያስከትል፣ በትሕትና ገብቶ፣ በትዕግሥት ተነጋግሮ፣ በወዳጅነት ተሰናበተው። ቤከር በጠመንጃ ያላገኘውን ነገር ኤሚን በመልካም አነጋገር አገኘ።

በ1878 ዓ.ም. ጎርዶን የሱዳን ጠቅላይ ገዥ ሳለ ኤሚንን የኢኳቶሪያ አገረ ገዥ አደረገው፤ የቤይነትም ማዕርግ ተሰጠው። የተረከበው አውራጃ በዕዳ የተዘፈቀ፣ በባሪያ ፈንጋዮች የተወረረ፣ ሹማምቱም አብዛኞቹ ከግብጽ በወንጀል የተጋዙ ሰዎች የነበሩበት ነው። በዚያ ላይ ሱድ የሚባለው የደንገልና የቄጠማ ክምር ወንዙን እንደ ክዳን ደፍኖ ከ1878 እስከ 1880 ዓ.ም. ድረስ ከካርቱም መርከብ እንዳይመጣ ከለከለ። አዲሱ አገረ ገዥ ሹመቱን የጀመረው ከበላይ አለቆቹ ተቈርጦ ነው። እርሱም በዚህ ሳይደናገጥ ሥራውን ቀጠለ። የባሪያ ነጋዴዎችን የሚረዱትን ሹማምት ሻረ፤ የጦር ሰፈሮቹን ከላዶ እስከ ዱፊሌና እስከ ዋዴላይ ድረስ በሥርዓት አቆመ። ላዶን አጸዳ፤ ሐኪም ቤቱን ራሱ እየተመላለሰ በሽተኞችን ይጐበኝ ነበር። ሩዝ፣ ጥጥና የአትክልት ዘር አስመጥቶ አስተከለ። በጥቂት ዓመታትም ውስጥ የአውራጃው ገቢ ከወጪው በለጠ።

የቀኑ ሥራ ሲፈጸም ሌላው ሥራ ይጀመራል። ኤሚን ዓይኑ እጅግ የደከመ ስለ ሆነ ወረቀቱን ካፍንጫው ሥር አስጠግቶ ካልሆነ በቀር ማንበብ አይችልም ነበር። ይህ ዓይነ ደካማ ሰው ግን በአህጉሩ መካከል ከኖሩት የወፍ ተመራማሪዎች ሁሉ ከታወቁት አንዱ ሆነ። የወፎቹን ቆዳ በጥንቃቄ እያዘጋጀ፣ የተገኙበትን ስፍራና ቀን፣ ቁመታቸውንና የዓይናቸውን ቀለም እየጻፈ ወደ አውሮፓ ቤተ መዘክሮች ይልክ ነበር። የብሬመኑ ሊቅ ሃርትላውብ እነዚህን ናሙናዎች መርምሮ ከዚያ በፊት በሊቃውንት ያልታወቁ ብዙ ወገኖች አገኘባቸው። አንዲት ድንቢጥ በእርሱ ስም ኤሚንቤይ ተባለች፤ ሌላዪቱም ነፍሳት የምትለቅም ወፍ በላቲን ቋንቋ ገዥ ማለት የሆነውን ጉበርናቶር የሚለውን ስም ተሸከመች። እነዚህ ስሞች እስከ ዛሬ በሊቃውንት መዝገብ ይኖራሉ። ከወፉም ሌላ የዕፅዋቱን ዓይነት፣ የአየሩን ሙቀትና ጠባይ፣ የነገዶቹን ቋንቋና ልማድ መዝግቦአል። ለዚህ ሥራ ደመወዝ አልተቈረጠለትም፤ ይህን እንዲሠራም ያዘዘው አለቃ አልነበረም።

የሥራው ጉድለትም በዚሁ ስፍራ ይገኛል። በየሰፈሩ የተቀመጠው ወታደር፣ ሚስቱ፣ ልጁና አሽከሩ የሚበላው ማሽላና ሥጋ ከካርቱም አይመጣም ነበር። ከባሪዎችና ከጎረቤቶቻቸው በግብር ስም ይወሰድ ነበር። ግብሩ ሲያንስ ወታደሮቹ ወጥተው ከብት ይነዱ ነበር። ለባሪ ሰው ከብት ሀብት ብቻ አይደለም፤ ሚስት የሚያገባበት፣ ደም የሚያስታርቅበት፣ ስሙ የሚጠራበት ነው። ከብቱ የተነዳበት ሰው ኑሮው ተነቀለ ማለት ነው። ኤሚን የዚህን ግፍ መጠን ለመቀነስ ደንብ አወጣ፤ ግፈኞችንም ቀጣ። ነገር ግን የመንግሥቱ መሠረት ራሱ በባሪዎች ጎተራና በረት ላይ የቆመ ስለ ነበረ በደንብ ብቻ ሊታረም አልቻለም። የአገሩን ወፍ ሁሉ በስሙ ለይቶ ያወቀው ገዥ፣ የአገሩ ሕዝብ መንግሥቱን ስለ ምን እንደ ጠላው እያወቀ ሊያድነው ሳይችል ቀረ። ችግር በመጣ ጊዜም የተከፈለው ዋጋ ይህ ሆነ፤ ባሪዎችና ዲንቃዎች ለተከበቡት ሰፈሮች ረዳት አልሆኑም፤ ይልቁንም ተነሡባቸው።

ችግሩም ሳይዘገይ መጣ። በ1881 ዓ.ም. መሐዲ ነኝ ያለው መሐመድ አሕመድ ተነሥቶ የሱዳንን ሕዝብ በግብጽ መንግሥት ላይ አስነሣ። በ1883 ዓ.ም. ከካርቱም ወደ ላዶ የመጣው መርከብ የመጨረሻው ሆነ። በ1884 ዓ.ም. የባሕር ኤል ጋዛል ገዥ ሉፕተን ለድርቡሾች እጁን ሰጠ፤ ኤሚንም እንዲሁ እጁን እንዲሰጥ ደብዳቤ መጣበት። በጥር 1885 ዓ.ም. ካርቱም ተያዘች፤ ጎርዶንም ተገደለ። በምሥራቅ በኩል በድርቡሾች ተከበው ለነበሩት የግብጽ የጦር ሰፈሮች ዐፄ ዮሐንስ በ1884 ዓ.ም. በዐድዋ በተደረገው ውል መሠረት መውጫ በር ከፈቱላቸው። የትናንት ጠላቶች የነበሩት ወታደሮችም በኢትዮጵያ በኩል አልፈው ወደ ምጽዋ እንዲወርዱ ተደረገ። ለኢኳቶሪያ ሰፈሮች ግን እንዲህ ያለ በር የሚከፍት ጎረቤት አልተገኘም።

ኤሚን ጦሩንና ሹማምቱን ይዞ ወደ ደቡብ አፈገፈገና በአልበርት ሐይቅ አጠገብ ዋዴላይን መቀመጫው አደረገ። ልብስ ባለቀ ጊዜ ወታደሮቹ ከተከሉት ጥጥ ሸማ አሠራ፤ ሳሙናና ጫማ በሰፈሩ እንዲሠራ አደረገ፤ በስኳር ፈንታም ማር ተጠቀሙ። ደመወዝ የሚከፍልበት ገንዘብ አልነበረውም። እርሱ ግን በዚያ መከራ ውስጥ ወፍ መሰብሰቡንና መጻፉን አላቋረጠም። የሩስያ ተወላጅ የሆነው ሊቅ ዩንከር በ1886 ዓ.ም. ከእርሱ ተለይቶ ወደ ዛንዚባር በወጣ ጊዜ የኤሚን ደብዳቤዎች ወደ አውሮፓ ደረሱ። በዚያው ዓመት ከግብጽ መንግሥት የደረሰው ደብዳቤ ግን መንግሥቱ አውራጃውን እንደ ተወና እርሱ እንደ ፈቀደ ማድረግ እንዲችል የሚገልጽ ነበረ። ያገለገለው መንግሥት በአንድ ደብዳቤ ተሰናበተው።

አውሮፓ ግን ወሬውን ሰምቶ ተነሣሣ። ስታንሊ የተባለው መንገደኛ ኤሚንን እንዲያድን ገንዘብ ተዋጥቶለት በ1887 ዓ.ም. በኮንጎ ወንዝ በኩል ተጓዘ። በኢቱሪ ደን ውስጥ ከሰዎቹ ብዙዎቹ በረኃብና በበሽታ አለቁ። በሚያዝያ 29 ቀን 1888 ዓ.ም. በአልበርት ሐይቅ ዳር በተገናኙ ጊዜ የሚያስደንቅ ነገር ታየ፤ አዳኝ ተብሎ የመጣው ልብሱ ያለቀና የተራበ ነበር፤ ይዳናል የተባለው ግን በእንፋሎት መርከቡ ላይ ልብስና እህል ጭኖ መጣ። ስታንሊ ቶሎ እንዲወጡ ያጣድፍ ጀመር። ኤሚን ሕዝቡን ትቶ ለመሄድም፣ ሕዝቡን አስገድዶ ለመውሰድም አልፈቀደም። ወራት በማመንታት አለፉ። አለቃ በሚያመነታበት ስፍራ ሐሜት ይነግሣል። ወታደሮቹ ብዙዎቹ የሱዳን ሰዎች ስለ ሆኑ ከካርቱም በቀር ወደ ግብጽ የሚያደርስ ሌላ መንገድ መኖሩን አላመኑም፤ ለእንግሊዞች በባርነት ልንሰጥ ነው የሚል ወሬ በመካከላቸው ገባ። በነሐሴ 1888 ዓ.ም. በዱፊሌ ዐምፀው ኤሚንን አሰሩት። በጥቅምት የድርቡሽ ጦር በመርከብ ደርሶ ረጃፍን ያዘ፤ ብዙ ሰውም ዐለቀ። ጭንቀት በበዛ ጊዜ ዐመፀኞቹ እስረኛቸውን ፈቱት፤ ሥልጣኑ ግን ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም።

በሚያዝያ 1889 ዓ.ም. ወደ 1500 የሚጠጋ ሕዝብ፣ ወንድ፣ ሴትና ሕፃን፣ ከስታንሊ ጋር ወደ ምሥራቅ ጠረፍ ጉዞ ጀመረ። ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ከድርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁት ከዚህ አንድ ወር አስቀድሞ ነበር። ኤሚን ከኢትዮጵያዊት ሚስቱ የወለዳትን ፌሪዳ የተባለች ልጁን ይዞ ወጣ፤ እናቲቱ አስቀድማ ሞታ ነበር። ብዙዎቹ መንገድ ላይ ወድቀው ቀሩ። በታኅሣሥ ባጋሞዮ በደረሱ ጊዜ ለክብሩ ግብዣ ተደረገ፤ እርሱ ግን በዓይኑ ድካም ምክንያት ከሰገነት መስኮት ወድቆ ራሱ ተሰበረና ለብዙ ሳምንት ተኛ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከጦርና ከዐመፅ ያመለጠው ሰው በግብዣ ቤት ሊሞት ምንም አልቀረውም ነበር።

ከዳነ በኋላ ወደ አውሮፓ ሄዶ ዝናውን አልተቀበለም። በ1890 ዓ.ም. በጀርመን መንግሥት አገልግሎት ገብቶ ወደ አፍሪካ መካከል ተመለሰ፤ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርም የቡኮባን ሰፈር አቋቋመ። ቀጥሎም ያለ ፈቃድ ወደ ቀድሞው አውራጃው አቅጣጫ አለፈ። በመንገዱ ላይ ፈንጣጣ ገባባቸው። ባልደረባውን ሽቱልማንን ጤነኞቹን ይዞ እንዲመለስ አዘዘውና እርሱ ከበሽተኞቹ ጋር ቀረ። በኋላም ወደ ኮንጎ ደን ዘልቆ ገባ። በጥቅምት 1892 ዓ.ም. የባሪያ ነጋዴዎች አለቃ የላካቸው ሰዎች ገደሉት። የዕለት መዝገቡ ግን ተገኝቶ ከ1916 ዓ.ም. ጀምሮ በሽቱልማን አዘጋጅነት ታተመ። ፌሪዳም በጀርመን አገር በእኅቱ ዘንድ አደገች።

እርሱ ከሄደ በኋላ የባሪዎች አገር ዕረፍት አላገኘም። ረጃፍ እስከ 1897 ዓ.ም. በድርቡሾች እጅ ቈየ፤ ቀጥሎም የቤልጂጉ ንጉሥ የሌዎፖልድ ሰዎች ያዙት። ንጉሡ ሞቶ አውራጃው በ1910 ዓ.ም. ወደ ሱዳን እስኪመለስ ድረስ ባለቤት ባልነበረበት ጊዜ የዝሆን አዳኞች ከየአገሩ ተሰብስበው መንጋውን ፈጁት። በአልበርት ሐይቅ አካባቢ የቀሩት የኤሚን ወታደሮች በ1891 ዓ.ም. በእንግሊዞች ተቀጠሩ፤ ልጆቻቸውም ኑቢ ተብለው እስከ ዛሬ በዩጋንዳና በኬንያ ይኖራሉ። ላዶ ጠፋች። ጁባም ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአውራጃው መቀመጫ ሆነች።

የኤሚን ፓሻ ሥራ በሁለት ሚዛን ሊመዘን ይገባል። ገንዘብም ምስጋናም ሳይጠብቅ፣ ደብዳቤ በማይደርስበት ስፍራ ዕለት ዕለት መማርንና መመዝገብን አለማቋረጡ የሚደነቅ ነው። ከከተማ በራቀ ትምህርት ቤት ያለ መጽሐፍና ያለ ጎብኚ የሚያስተምር ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ሥራ የሚጸናው የሚያየው አለቃ ስላለ ሳይሆን ሠራተኛው ሥራውን ስላመነበት ነው። በሁለተኛው ሚዛን ግን ጉድለቱ ይታያል። የአንድ አገር ወፍ፣ ዛፍና ወንዝ ከአገሩ ሕዝብ ተለይቶ አይጠበቅም። የሰበሰበው ዕውቀት በብሬመንና በበርሊን ተከማቸ፤ ለባሪ ልጅ ያስተማረው ትምህርት ቤት ግን አልነበረም። ከባሪዎች መካከል አንድ ትውልድ ከእርሱ ጋር ተምሮ ቢሆን ኖሮ፣ እርሱ በሄደ ጊዜ ሥራው አብሮት ባልሄደም ነበር። ዝሆኖቹም በወደቁ ጊዜ የሚጮኽላቸው የአገር ሰው በተገኘ ነበር።

ዛሬ በአፍሪካ አገሮች የደንና የውሃ ኃላፊነት ለአገሩ ልጆች ተሰጥቶአል። የሚሾሙትም ሰዎች በአንድ ወቅት በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው መምህራቸውን የሚሰሙ ልጆች ነበሩ። በትምህርት ቤቱ ቅጥር ግቢ ያለችውን ድንቢጥ በስሟ የሚጠራ፣ የወንዙንም መሙላትና መጉደል በደብተሩ የሚጽፍ ልጅ ነገ አገሩን የሚጠብቅ ሹም ይሆናል። ኤሚን ፓሻ ብቻውን ጀምሮ ብቻውን የፈጸመውን ሥራ ብዙዎች ሆነው የሚቀጥሉት ከመምህራን እጅ የሚወጡ ልጆች ናቸው።